ዳይኩ ይፍረስ፣ ወደ ኋላ ይሳብ ወይስ በር ይውጣለት? ለሳልመን ጫጩት የሚበጀውን ስለ መምረጥ

ባለፈው መኸር እዚህ ሲያትል እድራችን ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሣ። ወጣቶቹ ገንዘብ አዋጥተው «ለወንዙ እናውለው» አሉ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ተስማማ። ችግሩ የመጣው «እንዴት?» ሲባል ነው። አንዱ ችግኝ እንትከል አለ። አንዷ የዓሣ ጫጩት ማባዣ እንርዳ አለች። ሌላው ደግሞ ረግረግ መሬት ለሚገዛ ማኅበር እንስጥ ብሎ ድርቅ አለ። አንድ ሽማግሌያችን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ዓሣ እኔ የማውቀው በጾም ነው፤ እሱም ያከራክራል» አሉ። ሳቅ ሆነ። ስብሰባው በዚያው ተበተነ።

አጣርተህ ና የተባልኩት እኔ ነኝ። ሲያትል ከገባሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ግን እውነቱን ለመናገር ወንዙ የት ጋ ባሕር እንደሚገባ እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ከኒስኳሊ ወንዝ እስከ ስካጂት ወንዝ እየዞርኩ አየሁ፣ ጠየቅኩ፣ አነበብኩ። ያገኘሁትን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለምን የወንዙ አፍ?

ሳልመን ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ባሕር ወርዶ ያድጋል፣ ከዓመታት በኋላ ሊራባና ሊሞት ወደ ተወለደበት ወንዝ ይመለሳል። የጣናን ባርበሶች የሚያውቅ ሰው ነገሩ ግማሽ በግማሽ ይገባዋል። እነሱም በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ጉማራንና ርብን ሽቅብ ይወጣሉ። ልዩነቱ ጨው ነው። የሳልመን ጫጩት ጨው ከሌለው ውኃ ዘሎ ባሕር ውስጥ ጥልቅ ማለት አይችልም። ሰውነቱ መለመድ አለበት። የሚለምደው ደግሞ ወንዙና ባሕሩ በሚቀላቀሉበት ረግረግ ላይ ነው።

ከሳልመኖች ሁሉ በዚህ ቦታ ላይ በጣም የሚደገፈው ቺኑክ የሚባለው ትልቁ ነው። ጣት የማያህል ጫጩት ሆኖ ይመጣና ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይሰነብታል። ባሕሩ ሲሞላ ጫፋቸው በተዘጋ ትናንሽ የጭቃ ቦዮች ውስጥ ይገባል። ሲጎድል ይወጣል። ከሣሩ ላይ የሚወድቁ ነፍሳትንና ጭቃው ውስጥ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጥረታትን ይለቅማል። እዚህ ጠግቦና ወፍሮ የወጣው ባሕር ላይ የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። ሳይጠግብ የተገፋው የሌላ ዓሣ ቁርስ ነው።

እንግዲህ ይህ ረግረግ ነው ከ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ የታጠረው። አፈሩ ለም ነው፣ ሜዳው ለጥ ያለ ነው። ገበሬዎች ዳይክ የሚባለውን ረጅም የአፈር ግድብ እየሠሩ ባሕሩን ከለከሉት፤ ከኋላው ላምና ድንች አደረጉበት። ከተማ ውስጥ ደግሞ ባሰ። የሲያትሉ ዱዋሚሽ ወንዝ ጠመዝማዛነቱ ቀርቶ እንደ ቦይ ቀጥ ተደረገ፣ ዳርና ዳሩ ፋብሪካና ወደብ ሆነ። ከጥንቱ ረግረግ የቀረው ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ አይሞላም። የፒውጀት ሳውንድ፣ ማለትም ሲያትል ያለችበት የባሕር ወሽመጥ፣ ቺኑክ በ1999 በሕግ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥጋት ላይ ያሉ ዓሦች መዝገብ ገባ። እሱን የሚበሉት፣ ኦርካ የሚባሉት የአካባቢው ጥቁርና ነጭ የባሕር እንስሳትም በ2005 ተከተሉት። በ2018 አንዷ ኦርካ የሞተ ልጇን 17 ቀን ተሸክማ ስትዋኝ ዓለም ሁሉ አይቷታል። ከኦርካዎቹ ችግር አንዱ ረሃብ ነው። የረሃቡ አንዱ ሥር ደግሞ ይህ የታጠረ ጭቃ ነው።

ሳይነካ የቀረውን መግዛት

ከዚህ እንጀምር፣ ምክንያቱም ማንም ከዚህ አይጀምርም። ባሕሩ ዛሬም በቀን ሁለቴ የሚገባበት፣ ማንም ያላጠረው ረግረግ እዚህም እዚያም አለ። ማኅበራት መሬቱን ይገዙታል፤ ወይም ባለቤቱ እንዳይገነባበት የሚያስር ውል ይዋዋላሉ። ከዚያ በኋላ የሚታይ ነገር የለም። ኤክስካቫተር የለም፣ ምርቃት የለም፣ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን የለም። ለዚህ ነው መዋጮ የሚያጣው።

ግን አስቡት። ዓሣው አሁን እየበላበት ያለ ቦታ ነው። አንዴ ከታጠረና መሬቱ ዝቅ ካለ በኋላ ለመመለስ ዐሥርት ዓመታትና ሚሊዮኖች ይፈጃል። የሚሸጥ ደህና ረግረግ ባለበት፣ የእኔ ምርጫ ያለ ምንም ማመንታት ይህ ነው። ጉድለቱ አንድ ነው፦ በከተማው አቅራቢያ የሚገዛ እምብዛም አልቀረም። ያኔ ወደ ማደስ መሄድ ግድ ይላል።

ዳይኩን ማፍረስ፦ ኒስኳሊ

ከታኮማ ወደ ኦሊምፒያ በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና የነዳ ሰው ሁሉ ኒስኳሊን አልፎታል። በስተቀኝ ሰፊ ሜዳና ሁለት ትልልቅ አሮጌ ጎተራዎች ይታያሉ። አልሰን ብራውን የሚባል ሰው በ1904 ረጅም ዳይክ ሠርቶ እርሻ ያደረገው ቦታ ነው። በ1974 የአራዊት መጠለያ ሆነ። በ2009 ዳይኩ ተነሣና 762 ኤከር፣ ማለትም 308 ሄክታር ያህል መሬት ለባሕሩ ተመለሰ። የአገሬው ተወላጅ የሆነው የኒስኳሊ ነገድ ቀደም ብሎ በራሱ በኩል ያለውን መሬት መክፈት ጀምሮ ነበር።

ነገዱ በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም ብሎ አጃቢ አይደለም። መጠለያው ዛሬ የሚጠራበት ቢሊ ፍራንክ ጁኒየር ገና በ14 ዓመቱ ዓሣ በማጥመዱ ታስሯል፤ ከዚያም በኋላ ከ50 ጊዜ በላይ። አባቶቹ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የተዋዋሉት ውል የሰጠውን መብት ነበር የሚጠይቀው። በ1974 ዳኛ ቦልት ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ ግማሹ የነገዶቹ ነው ብሎ ፈረደ። ግማሽ የሚሆን ዓሣ እንዲኖር ግን መጀመሪያ ዓሣ መኖር አለበት። ነገዶቹ የወንዝ አፍ በማደስ ሥራ ግንባር ላይ የሚታዩት ለዚህ ነው።

ሙሉ በሙሉ ማፍረስ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ውኃው በፈለገበት ይገባል፣ ቦዩን ራሱ ይቆፍራል፣ ደለሉን ራሱ ያመጣል። ሰው የሠራው ቦይ እንደዚያ አይሆንም።

ግን ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ መቶ ዓመት የታጠረ መሬት ይሰጥማል። ደለል አይመጣለትም። አፈሩ ደርቆ ይበሰብሳል፣ በከብትና በትራክተር ይጠቀጠቃል። ዳይኩ ሲነሣ ከውጭው ረግረግ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ባሕሩ ሲገባ የምታዩት አረንጓዴ ጨፌ ሳይሆን ባዶ የጭቃ ሜዳ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ይኼ ነው ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት?» ይላል። ትዕግሥት ይፈልጋል። ደለሉ ሲሞላ ነው ሣሩ የሚበቅለው። በኒስኳሊ ደግሞ በ1945 የተሠራው የአልደር የኃይል ማመንጫ ግድብ ደለሉን ላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ መሙላቱ አዝጋሚ ነው። የግድብ ነገር ምን ያህል እንደሚወስን ማየት የፈለገ ወደ ኤልዋ ወንዝ ይሂድ። እዚያ ከ2011 እስከ 2014 ሁለት ግድቦች ሲፈርሱ ለዘመናት የታገደው አሸዋ ወርዶ የወንዙን አፍ ሰፊ አዲስ ዳርቻ ሠራለት። ባሕሩ ይበላው የነበረው ዳርቻ ወደ ባሕር መግፋት ጀመረ።

ሁለተኛ፣ ተጎጂ አለ። ከዳይኩ ኋላ የነበረው ጨው አልባ ኩሬ የዳክዬና የእንቁራሪት ቤት ነበር። ኒስኳሊ ላይ ይህንን አስበው ከውስጥ አዲስ ዳይክ ሠርተው የኩሬውን የተወሰነ ክፍል አስቀርተውላቸዋል። ለዓሣ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ለወፍም ይሆናል የሚላችሁን ሰው ብዙ አትመኑት።

ወደ ኋላ መሳብ፦ ፈር አይላንድ እና ኩሉልት

ከኋላው ገበሬ ካለ ማፍረስ የሚባል ነገር አይሠራም። ያኔ አሮጌው ዳይክ ከመፍረሱ በፊት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አዲስ ይሠራል። በመሃከል ያለው መሬት የባሕሩ ይሆናል።

ስካጂት ወንዝ አፍ ላይ ፈር አይላንድ እንዲህ ነው የተደረገው። በ2016 ሲያልቅ 131 ኤከር፣ ወደ 53 ሄክታር ገደማ፣ ለባሕሩ ተከፈተ። ከኒስኳሊ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ግን ከሥራው ብዙው ለዓሣ ሳይሆን ለጎረቤት የተሠራ ነው፤ አዲሱ ዳይክ፣ የገበሬው ማሳ ውኃ የሚጠራቀምበት ኩሬ፣ ፓምፕ ጣቢያው። እኔ በመጀመሪያ ይህንን ሳይ ብክነት መስሎኝ ነበር። በኋላ ገባኝ። ስካጂት የድንች፣ የዘርና የቱሊፕ አገር ነው። ማሳው ውኃ የተኛበት ገበሬ የሚቀጥለውን ፕሮጀክት ያግዳል። ፓምፑ የሰላም ዋጋ ነው። እግረ መንገዴን፦ በክረምት እዚያ የሚያርፉትን ነጫጭ የበረዶ ዝይዎች ሳታዩ አትመለሱ። ከሩሲያዋ ራንግል ደሴት ድረስ በርረው ነው የሚመጡት። ባንድ ጊዜ ሲነሡ ሜዳው የተገለበጠ ይመስላል።

ሜሪስቪል አጠገብ ያለው ኩሉልት ከዚህ ይሰፋል። የቱላሊፕ ነገዶች የመሩት ሥራ ነው። ስሙ ራሱ በቋንቋቸው ረግረግ ማለት ነው። በነሐሴ 2015 ዳይኩ ተበሳና ወደ 354 ኤከር፣ 143 ሄክታር ያህል፣ ውኃ ገባበት። እዚህም ከተማውን የሚጠብቅ ዳይክ ከኋላ መሠራት ነበረበት። ከሐሳቡ እስከ መበሳቱ ከ10 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ከባለመሬቱ ሁሉ ጋር እየተደራደሩ፣ እየገዙ፣ ፈቃድ እየጠበቁ ማለት ነው። ወጪው 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። «በሁለት ዓመት እንጨርሳለን» የሚል ፕሮጀክት ካጋጠማችሁ ይህንን አስታውሱ።

ልብ በሉ፣ መብሳትና ማፍረስ አንድ አይደሉም። መብሳት ይረክሳል። ግን ውኃው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ሲገባና ሲወጣ ይፈጥናል፣ ዓሣውም ያቺን ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘት አለበት። ቀዳዳው በበዛና በሰፋ ቁጥር ይሻላል።

የውኃ በር

ይህ የሁሉም መካከለኛ ነው የሚባለው አማራጭ ነው። እኔ ግን መካከለኛ አልለውም።

ተራው የውኃ በር ዳይኩ ላይ ያለ ቱቦ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ከባድ ክዳን ነው። ባሕሩ ሲጎድል የውስጡ ውኃ ገፍቶት ይወጣል። ሲሞላ ባሕሩ ይዘጋዋል። ዓሣው ባሕሩ ሲሞላ ነው መግባት የሚፈልገው። በሩ የሚዘጋው ደግሞ ልክ ያኔ ነው። ስለዚህ ተንሳፋፊ ያለው አዲስ ዓይነት በር መጣ። ውኃው ገበሬው እስከተስማማበት ከፍታ ድረስ ክፍት ሆኖ ይቆይና ከዚያ ይዘጋል። ጫጩቶቹ ከተራው በር ይልቅ በዚህኛው ይገባሉ። ክፍት ከሆነ ረግረግ ጋር ግን አይወዳደርም። በጎርፍ ጊዜ ግንድ ይሰነቀርበታል። ተንሳፋፊው ይጣበቃል። የሚከታተለው ሰው ጡረታ ሲወጣ በሩም አብሮት ጡረታ ይወጣል።

ገበሬው ሌላ ነገር አልቀበልም ካለና አሮጌው በር መቀየሩ የማይቀር ከሆነ፣ ከምንም ይሻላል። ሊፈርስ የሚችል ዳይክ ላይ በር ሲተከል ካያችሁ ግን ጠይቁ። ለሌላ ሠላሳ ዓመት «ይህማ ተሠርቷል» ተብሎ መዝጊያ እንዳይሆን።

ጫጩት ማባዣው

የእድራችን እህት ልጆቿን ወስዳ ያየችው ነገር ነው፤ ደስ ይላል። በሺህ የሚቆጠር ጫጩት በገንዳ ውስጥ ሲርመሰመስ ማየት ረግረግ ከማየት ይበልጣል። ለነገዶቹም ማባዣ ማለት የውል መብታቸው ዛሬ ወረቀት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርግ ነገር ነው፤ ይህንን ማቃለል አይገባም። ነገር ግን የተለቀቀው ጫጩት የሚወርደው እዚያው ጠባብ የወንዝ አፍ ውስጥ ነው። ቤት ሳይሰፋ እንግዳ እንደ መጥራት ነው። ገንዘባችን ትንሽ ስለሆነ እኔ እዚህ ላይ አላዋልኩትም።

ችግኝ መትከል

አሁን የራሴን ቁስል ልናገር። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ቡድን ጋር ሄደን ቅዳሜ ሙሉ ተከልን። ሠላሳ ሰው ነበርን። ፎቶ ተነሣን፣ ዳቦና ሻይ በላን ጠጣን። በማግሥቱ ዓመት ሐምሌ ላይ ሄጄ አየሁት። ዘንባባ የሚያህል መጤ ሣር ውጦታል። ከችግኞቻችን ያገኘሁት የፕላስቲክ መከለያውን ብቻ ነው። ወዲያው ማዶ ደግሞ ዳይኩ እንደቆመ ነው። ባሕሩ ቢገባ ኖሮ ያ ሣር ጨው አይወድም፣ ራሱ ይሞት ነበር። እኛ ከመጨረሻው ነበር የጀመርነው።

መትከል መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ውኃ ከተከፈተ በኋላ፣ ከፍ ባለው ዳርቻ ላይ፣ አኻያ፣ ሲትካ ስፕሩስና የመሳሰሉት ሲተከሉ ጥላ ይሆናሉ፣ ነፍሳት ውኃው ላይ ያራግፋሉ። ጭቃው ላይ የሚበቅለው ዋናው ተክል የበዓል ቀን ቤታችን የምንጎዘጉዘው የቄጠማ ዘመድ ነው፤ ለብዙው ጊዜ ደግሞ ዘሩን ውኃው ራሱ ያመጣዋል። የሚተከልበት ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ዝናብ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ክረምትም በጋም ማን ያርማል የሚለው ነው። መልስ ከሌለ ቅዳሜያችሁን ሌላ ቦታ አውሉት።

የባሕር ዳር ግንብ

ከእኛ መካከል የባሕር ዳር ቤት ያለው ስንቱ ነው አትበሉኝ፤ እየበዛ ነው። ቤት የሚሸጡና የሚያስገዙም አሉን። ከፒውጀት ሳውንድ ዳርቻ ከሩብ በላይ የሚሆነው በግንብ ወይም በድንጋይ ተከልሏል። ግንቡ ገደሉ እንዳይናድ ይከለክላል። ግን የሚናደው አፈር ነበር የባሕር ዳርቻውን አሸዋና ጠጠር የሚያደርገው። ትንንሾቹ ስሜልት የተባሉት ዓሦች ደግሞ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በዚያ ጠጠር ውስጥ ነው። እነሱን ሳልመን ይበላቸዋል።

ቤቱ ከገደሉ ራቅ ያለ ከሆነ ግንቡን ማንሣት ይሻላል። ማዕበል የሚመታው ከሆነ ግንድ፣ ጠጠርና ተክል አደባልቆ የሚሠራ ለስላሳ መከላከያ አለ። ከ2021 ወዲህ የዋሽንግተን ሕግ አሮጌ ግንብ የሚቀይር ሰው ጉዳቱ ካነሰው መፍትሔ እንዲጀምር ያዛል። ሾር ፍሬንድሊ በሚባለው ፕሮግራም በኩል ምክር ይገኛል። ኮንትራክተር ከመጥራታችሁ በፊት እነሱን ጥሩ። ግንብ የሚሸጥ ሰው ግንብ ነው የሚመክራችሁ።

ለታክሲ ነጂዎች አንዲት ቃል

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ይላል፣ ግን ብዙዎቻችን የምንበላው ከመሪ ላይ ነው። ኮሆ የሚባለው ሳልመን በመኸር ዝናብ ወደ ከተማ ጅረቶች ሲገባ እንቁላል ሳይጥል ይሞት ነበር። ምክንያቱ ለዓመታት ግራ አጋባ። በ2020 ታወቀ፦ ከመኪና ጎማ የሚፋቀው ብናኝ ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው። የመንገዱ ውኃ በአፈርና በኮምፖስት ውስጥ ተጣርቶ ሲወርድ ግን ዓሣው ይተርፋል። ስለዚህ ሠፈራችሁ ውስጥ የዝናብ ውኃ የሚያጣራ የመንገድ ዳር ተክል ሊሠራ ነው ሲባል ፓርኪንግ ይወስድብናል ብላችሁ አትቃወሙ። እኔ አንድ ጊዜ ተቃውሜ ነበር።

እና የቱ?

ማንም ፕሮጀክት ይዞ ሲመጣ አሁን የምጠይቀው ይህንን ነው። ውኃው በየቀኑ በራሱ ይገባል ይወጣል ወይ? መሬቱ ምን ያህል ሰጥሟል፣ ደለሉስ ከየት ይመጣል? ጎረቤቱ ገበሬ ምን አለ? ከአምስት ዓመት በኋላ ማን ይመለሳል? ከመክፈት በፊትና በኋላ ዓሣ የሚቆጥር ሰው አለ ወይ? የመጀመሪያው መልስ «አይ» ከሆነ ሌላውን ለመጠየቅ አልቸኩልም።

የእድሩ ገንዘብ በመጨረሻ መሬት ለሚገዛው ማኅበር ሄደ። ቅዳሜዎቹን ደግሞ ዳይኩ ቀድሞ የተከፈተበት ቦታ ላይ ለሦስት ዓመት ለማረም ቃል ገባን። ችግኝ እንትከል ያለው ልጅ መጀመሪያ አኮረፈ፤ አሁን የማረሚያው አስተባባሪ እሱ ነው።

ሽማግሌያችንን ኒስኳሊ ወሰድናቸው። እናንተም ከሄዳችሁ የባሕሩን ሙላት ሰዓት አስቀድማችሁ እዩ። በጎደለ ጊዜ አንድ ጊዜ፣ በሞላ ጊዜ አንድ ጊዜ ብታዩት ሌላ ቦታ ይመስላል። የእንጨቱ መንገድ ጭቃው ላይ ሩቅ ድረስ ይወስዳል፤ በአደን ወቅት ግን ጫፉ ይዘጋል። ነፋሱ ያንዘፈዝፋልና ጋቢ ያዙ። እሳቸው መሃል ላይ ቆመው ውኃው በቦዩ ሲገባ ለረጅም ጊዜ አዩና «ዓሣው የታለ?» አሉ። ጣት የማያህል ነው፣ ከዚህ አይታይም አልናቸው። «እሺ፣ ቡናውን ቅዱ» አሉ።